ቤቱን ከመሸጣችሁ በፊት፦ ስለ እናት መርሳትና ስለ አዲሶቹ የአልዛይመር መድኃኒቶች

ጥያቄው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«እናቴ 69 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ትረሳለች። አንድ ነገር ደጋግማ ትጠይቃለች፤ ወጥ ላይ ሁለቴ ጨው ትጨምራለች። ባለፈው ከከፊራ ገበያ ስትመለስ መንገድ ጠፍቷት የባጃጅ ልጅ ነው ያመጣት። ጎረቤቱ ሁሉ ‹አቦ እርጅና ነው፣ ተያት› ይለኛል። ግፊት አለባት፤ ኪኒኗን ግን ራሷን ሲያማት ብቻ ነው የምትወስደው። ከሁለት ወር በፊት ሻወር ቤት ወድቃ ነበር፤ ምንም አልሆነችም። ከዚያ ወዲህ ግን ቀን ቀን ትተኛለች፣ መርሳቱም ብሶባታል። ያደገችው ሐረር ጀጎል ነው። አሁን አሁን በሐረሪኛ ነው የምታናግረኝ፤ እኔ ደግሞ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም። አሜሪካ ያለው ወንድሜ አልዛይመርን የሚያጠፋ አዲስ መድኃኒት ወጥቷል ይላል። ቤቱን ሸጠን እንውሰዳት? ጫት ይሆን ያመጣባት? እኔንስ ይይዘኝ ይሆን?»

እህቴ፣ ቤቱን አትሽጡ። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን የሚቸኩል ነገር አለ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ የቆመው እንደ ዋዛ ጽፈሽ ያለፍሻት ቦታ ላይ ነው። እናትሽ ሻወር ቤት ወድቀዋል። ከወደቁ በኋላ እንቅልፍ በዝቶባቸዋል፤ መርሳቱም ብሷል። ከመርሳት በሽታ ዓይነቶች ዋናው የሆነው አልዛይመር በሁለት ወር ውስጥ እንዲህ አይዘልም። ቀስ ብሎ፣ በዓመታት ነው የሚሄደው። በአጭር ጊዜ የባሰ መርሳት ሲገጥመኝ ሌላ ምክንያት እፈልጋለሁ፤ መውደቅ ሲጨመርበት ደግሞ አስቀድሜ የማስበው የደም መጠራቀምን ነው።

ዕድሜ ሲገፋ አንጎል ትንሽ ይኮማተራል። በአንጎሉና በራስ ቅሉ መካከል የሚያልፉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወጠራሉ። ያኔ ቀላል ምት ይበቃቸዋል። ሰውየው ራሱን አይስትም፣ ውጭ ላይ ቁስል አይታይም፣ ተነስቶ ሥራውን ይቀጥላል። ውስጥ ግን ደሙ በጥቂት በጥቂቱ ይጠራቀማል። ምልክቱ የሚመጣው ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው። እንቅልፍ ይበዛል፣ ግራ መጋባት ይመጣል፣ ራስ ያማል፣ አረማመድ ይበላሻል። ቤተሰብ ያኔ መውደቁን ረስቶታል። ይህ ችግር ሲቲ ስካን ላይ ወዲያው ይታያል። የራስ ቅሉን በትንሹ ቀዶ ደሙን በማፍሰስም ይታከማል። ብዙዎች ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ይመለሳሉ።

እናትሽ ይህ አለባቸው እያልኩሽ አይደለም። ሳያዩአቸው እንዲህ አይባልም። ነገር ግን ሳይታይ መታለፍ የለበትም። በዚህ ሳምንት ድል ጮራ ሆስፒታል ውሰጃቸው። ወደ ሐረር ሕይወት ፋና ከላኳችሁም በደንገጎ ዳገት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሐኪሙ በመጀመሪያ የምትነግሪው መርሳታቸውን ሳይሆን መውደቃቸውን ይሁን። አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ እሱንም ንገሪው። ካስመለሳቸው፣ አንድ እጃቸው ወይም እግራቸው ከደከመ፣ ወይም ለማንቃት ካስቸገሩሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል አድርሻቸው።

እዚያው እያላችሁ የደም ምርመራም ይደረግላቸው። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ ያልታወቀ ስኳር፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፤ እነዚህ ሁሉ የመርሳት በሽታን ይመስላሉ፣ ሁሉም ሕክምና አላቸው። ሐኪሙ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሲያዝ እንዳትቀየሚ፤ ለማንም የሚታዘዝ መደበኛ ምርመራ ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ሰብስበሽ ውሰጂ። የእንቅልፍ ኪኒን፣ የጉንፋንና የአለርጂ ኪኒን፣ ለሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን የሽማግሌን አእምሮ ያደበዝዛሉ። ሐዘንና ድባቴም እንደዚያው። የሽንት ኢንፌክሽን፣ እንዲሁም በድሬዳዋ ሙቀት በቂ ውኃ አለመጠጣት አንድን አዛውንት በአንድ ቀን ውስጥ ግራ ያጋቧቸዋል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ።

ወንድምሽ የሰማው ነገር አለ፤ ከባዶ አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ1906 ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ50ዎቹ ዕድሜዋ የሞተች አንዲት ታካሚውን አንጎል በማይክሮስኮፕ ሲያይ ሁለት ነገር አገኘ። አንዱ በሴሎች መካከል የተከማቸ ነገር ነው፤ ዛሬ አሚሎይድ የምንለው ፕሮቲን። ሌላው በሴሎቹ ውስጥ የተጠላለፈ ነገር ነው፤ እሱም ታው የሚባለው ፕሮቲን። ከመቶ ዓመት በላይ ይህን ክምችት የሚያነሳና በሽተኛውንም የሚጠቅም መድኃኒት አልነበረም። አሁን ሁለት አሉ። ሌካኔማብ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ዶናኔማብ በ2024 አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ አግኝተዋል። ሁለቱም አሚሎይዱን ከአንጎል ያጸዳሉ። ለሙያው ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ዜናውን ስሰማ ከልቤ ደስ ብሎኛል።

ግን ቁጥሩን እንየው፤ ቤት የሚሸጥበት ጉዳይ ነውና። የሌካኔማብ ዋና ጥናት 1,795 ሰዎችን ለ18 ወር ተከታትሏል። ሁሉም ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የነበሩ ናቸው። መለኪያው 18 ነጥብ አለው፤ ነጥቡ ሲጨምር በሽታው ባሰ ማለት ነው። መድኃኒቱን ያላገኙት በአማካይ በ1.66 ነጥብ ባሰባቸው። መድኃኒቱን ያገኙት በ1.21 ባሰባቸው። ልዩነቱ 0.45 ነጥብ ነው። ጋዜጦች «27 በመቶ አዘገየ» ብለው የጻፉት ይህንን ነው፤ ስሌቱም ትክክል ነው። ነገር ግን በአማካይ ሁለቱም ወገን ባሰበት። መድኃኒቱ ያዘገያል፤ አያጠፋም፣ የጠፋውንም አይመልስም። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ይህ ልዩነት ቤተሰብ ቤቱ ውስጥ ሊያስተውለው የሚችል አይደለም ይላሉ። እኔ ለአንዳንዱ ሰው ጥቂት የተሻሉ ወራትን ይሰጣል ባይ ነኝ። ለዚያ ግን የሚከፈለውን ማወቅ ያስፈልጋል።

በዚያው ጥናት መድኃኒቱን ካገኙት 100 ሰዎች ወደ 13ቱ አንጎላቸው ላይ እብጠት ታይቷል። ወደ 17ቱ ትንንሽ መድማት ታይቶባቸዋል። ብዙዎቹ ምንም ሳይሰማቸው በኤምአርአይ ብቻ የተገኘ ነው፤ ከባድ የሆነባቸውም ግን አሉ። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊትም ከተጀመረ በኋላም ኤምአርአይ ይደጋገማል። በጥናቱ መድኃኒቱ በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ነው የተሰጠው። ዋጋው አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ በዓመት 26,500 ዶላር ነበር፤ ምርመራው ሳይጨመር። ደግሞም አሚሎይድ መኖሩ በልዩ ምርመራ ሳይረጋገጥ አይጀመርም።

አሁን እናትሽን እንያቸው። ግፊታቸው ቁጥጥር ሥር አይደለም። ወድቀዋል፣ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም መኖር አለመኖሩ አልታወቀም። አልዛይመር ይሁን ሌላ አልተመረመረም። በዚህ ሁኔታ ላይ ላሉ ሰው ይህንን መድኃኒት የሚጀምርላቸው ጠንቃቃ ሐኪም አሜሪካም አታገኙም። ቤቱ ተሸጦ፣ ቪዛው ተገኝቶ፣ እዚያ ከደረሱ በኋላ «አይሆንም» ትባላላችሁ። እናትሽም ከሚያውቁት ሰፈር፣ ከሚያውቁት ሰው፣ ከቋንቋቸው ተነቅለው ይቀራሉ። መርሳት ላለበት ሰው ይህ ራሱ ጉዳት ነው።

ወንድምሽ ነገ ደግሞ ስለ ስኳርና ስለ ውፍረት መርፌው ስለ ሴማግሉታይድ ሰምቶ ይደውል ይሆናል። በእሱ ላይም ብዙ ተስፋ ተጥሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 የሁለት ትልልቅ ጥናቶች ውጤት ተገለጸ፤ የአልዛይመርን መባባስ አላዘገየም። ስለዚህ ለዚህ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ።

ከአዲሶቹ ነገሮች ውስጥ ወደኛ ቶሎ ይደርሳል ብዬ የምጠብቀው አልዛይመርን የሚጠቁመው የደም ምርመራ ነው። ታው የተባለው ፕሮቲን አንዱ ዓይነት በደም ውስጥ ይለካል። በግንቦት 2025 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የመጀመሪያውን እንዲህ ዓይነት ምርመራ ፈቅዷል፤ ምልክት ላለባቸው፣ 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች። ከጀርባ አጥንት ፈሳሽ ከመቅዳት ወይም ውድ ስካን ከማንሳት እጅግ ይቀላል። ይሁንና ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ሳያናግር፣ ቤተሰብ ሳይጠየቅ፣ ውጤቱ ብቻውን ምንም አይደለም።

እኔን ከሁሉም በላይ የነካኝን ጥናት ግን እስካሁን አልነገርኩሽም። ቻይና ገጠር ውስጥ በ326 መንደሮች የተደረገ ነው። 33,995 ሰዎች ገቡበት፤ ሁሉም 40 ዓመት የሞላቸውና ግፊታቸው ያልተስተካከለ። በግማሾቹ መንደሮች ሥራው ለመንደሩ ጤና ሠራተኛ ተሰጠ። ስፔሻሊስት አልተላከም። የመንደሩ ጤና ሠራተኛ ግፊት ይለካል፣ ርካሹን የግፊት ኪኒን ይሰጣል፣ መጠኑን ያስተካክላል፣ ሰውየው በየቀኑ እንዲውጠው ይከታተላል። ግቡ ከ130 በ80 በታች ማድረስ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በእነዚያ መንደሮች የመርሳት በሽታ በ15 በመቶ ቀነሰ። ውጤቱ በ2025 ታተመ።

እስቲ አስቢው። በተራ ኪኒንና በመንደር ጤና ሠራተኛ ነው። እኛ ጋም ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ። አምሎዲፒን በየመድኃኒት ቤቱ አለ። ይህ ጥናት ለድሬዳዋና ለሐረር የተሠራ ያህል ይሰማኛል። አንድ ዓለም አቀፍ የትንበያ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2050 ድረስ በኢትዮጵያ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ቁጥር በ443 በመቶ ይጨምራል ብሏል። ጎረቤታችን ጅቡቲ ደግሞ በ473 በመቶ። አብዛኛው ሕዝብ ስለሚጨምር ነው። ያንን ሁሉ ሰው በየሁለት ሳምንቱ መድኃኒት በደም ሥር ልንሰጥ አንችልም። ግፊት መለካት ግን እንችላለን።

ስለዚህ የእናትሽ ኪኒን ነገር ዛሬ ይስተካከል። ግፊት አያምም። ራስ ምታት ሲመጣ ብቻ የሚዋጥ የግፊት ኪኒን ግፊቱን አይቆጣጠርም፤ በመሀሉ ደም ሥሮቹ ይጎዳሉ። የአንጎል ትንንሽ ደም ሥሮች ሲዘጉ የሚመጣ የመርሳት ዓይነት አለ። አልዛይመር ያለበት ሰውም ሲሆን ሁለቱ ይደራረባሉ። በአንድ ጊዜ ብዙ አውርዱ ማለቴ አይደለም፤ ቶሎ ከወረደ ደግሞ ያዞራቸውና ይወድቃሉ። መጠኑን ሐኪሙ ይወስን። የአንቺ ሥራ ኪኒኑን በየቀኑ በእጅሽ መስጠት ነው። ራሳቸው ይውሰዱ ብለሽ አትተዪው፤ መውሰዳቸውን ይረሱና ደግመው ይወስዳሉ።

ሌላ ልጠይቅሽ፤ ደህና ይሰማሉ? በ2024 ከዓለም ዙሪያ የተውጣጡ ባለሙያዎች ያወጡት ሰፊ ሪፖርት የመርሳት በሽታን የሚያመጡ፣ ሰው ሊለውጣቸው የሚችሉ 14 ነገሮችን ዘርዝሯል። ሁሉም ቢስተካከሉ ከበሽታው ወደ 45 በመቶ የሚጠጋውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላሉ። ከዝርዝሩ አናት ላይ ካሉት አንዱ የመስማት ችግር ነው። እዚህ ደግሞ አንዳንዴ መድኃኒቱ የጆሮ ኩክ ማውጣት ብቻ ይሆናል። አስታዪአቸው።

ጫቱን በተመለከተ የሚታወቀውን ልንገርሽ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግፊትንና የልብ ምትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል፤ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። በሚቅሙ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ነገርን በአእምሮ ይዞ የመሥራት ችሎታ ቀንሶ አግኝተዋል። አልዛይመርን ያመጣል የሚል ማስረጃ ግን የለም። ስለዚህ «በራስዎ ያመጡት ነው» እያላችሁ እናትሽን አትክሰሷቸው። ለግፊታቸውና ለእንቅልፋቸው ሲባል ግን ቢቀር ይሻላል፤ ካልሆነም ይቀንስ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። በርጫው ላይ የሚመጡት ሴቶች ምናልባት የቀሩላቸው ወዳጆች ናቸው። ብቸኝነት ራሱ ከ14ቱ አንዱ ነው። ቅጠሉ ይቅር፣ ሰዎቹ ይምጡ። ቡናው ይፈላ፣ ወሬው ይቀጥል።

ሐረሪኛውስ? ይህ ብዙ ቤተሰብ የሚያስጨንቅ ነገር ነው፤ ግን የሚጠበቅ ነው። በመርሳት በሽታ ቀድሞ የሚሄደው በቅርቡ የተያዘው ነው። ልጅነት መጨረሻ ላይ ይቀራል። ቋንቋም እንዲሁ። እንደ ድሬዳዋ ባለ፣ ሰው ሦስትና አራት ቋንቋ በሚናገርበት ከተማ አዛውንቶች ወደ መጀመሪያ ቋንቋቸው ሲመለሱ አያለሁ። እናትሽ አንቺን ገፍተው አይደለም፤ የሚቀላቸውን ይዘው ነው። ጥቂት ቃላት ተማሪ። ውኃ፣ ምግብ፣ ሕመም፣ ሽንት ቤት፣ «አለሁ»። ጀጎል ያሉ ዘመዶች በስልክም ቢሆን ያናግሯቸው። ሐኪም ጋ ስትሄጂም ሐረሪኛ የሚናገር ሰው ይዘሽ ሂጂ። በማይቀላቸው ቋንቋ ከተጠየቁ ካለባቸው በላይ የታመሙ ይመስላሉ።

በነገራችን ላይ ሀገራችን ውስጥ ምርመራው ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በውጭ የተለመዱት የማስታወስ ፈተናዎች ማንበብ፣ መጻፍ፣ ሰዓት መሳል ይጠይቃሉ። ትምህርት ቤት ያልገባ ጤነኛ ሰው ይወድቅባቸዋል። ለአፍሪካ ተብሎ የተዘጋጀ አጭር ፈተና አለ፤ ታንዛኒያና ናይጄሪያ ውስጥ የተሞከረ። በእርሳስ ከማሳል ይልቅ በክብሪት እንጨት ቅርጽ ያሠራል። እናትሽ ብዙ ካልተማሩ ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪው።

ምርመራው ሁሉ አልቆ አልዛይመር ነው ከተባለ፣ ዶኔፔዚል የሚባል የቆየ ኪኒን አለ። በሽታውን አያቆምም፤ ለአንዳንዱ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ምልክቱን ያቃልላል። ልብ ምታቸው ዝግ ያለ ከሆነ አይስማማም፤ ስለዚህ ሐኪም ሳያይ አይጀመር። ዱዓውም ይቀጥል፤ ኪኒኑን አስቁሙ የሚል ሰው ከመጣ ግን አትስሚው።

ቤት ውስጥ አትከራከሪያቸው። የሞቱ እናታቸውን «የት ሄደች?» ብለው ሲጠይቁ «ሞታለች እኮ» ብትያቸው ሐዘኑ እንደ አዲስ ይመታቸዋል፤ ነገ ደግሞ ይረሱትና ትደግሚዋለሽ። «ስለሷ ንገሪኝ እስቲ» በያቸው። ስልክ ቁጥርሽን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ልብሳቸው ኪስ ውስጥ ስፊው። የሰፈሩን ባጃጆችና ባለ ሱቁን አስተዋውቂያቸው። ያመጣቸውን ልጅ አመስግኚው፤ ስልኩንም ያዢ። ሻወር ቤቱ ወለል ላይ የማያንሸራትት ነገር አንጥፊ፤ መያዣ ብረትም ይተከል። ምድጃው ላይ ብቻቸውን አይሁኑ፤ ሽንኩርት መላጥና ምስር መልቀም ግን አትከልክያቸው። የለመደ እጅ ሥራ ይፈልጋል።

ወንድምሽ መርዳት ስለሚፈልግ ደስ ይለኛል። ለአሜሪካ ጉዞ ካሰበው ገንዘብ ትንሹን ክፍል ይላክ። ለሲቲ ስካኑና ለምርመራው፣ ለቤት ግፊት መለኪያ፣ ካስፈለገ ለመስሚያ መሣሪያ፣ ቀሪው ደግሞ ግማሽ ቀን እናትሽን የምትይዝ ሴት ለመቅጠር። የመጨረሻውን አደራ እላለሁ። ብቻሽን ሌት ተቀን ከያዝሻቸው ከስድስት ወር በኋላ ታማሚዎቹ ሁለት ትሆናላችሁ። ይህን በየሳምንቱ አያለሁ፤ ሁልጊዜም ሴት ልጅ ናት።

እኔንስ ይይዘኝ ይሆን ላልሽው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ በቀጥታ የሚተላለፈው የአልዛይመር ዓይነት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከ65 ዓመት በፊት ነው የሚጀምረው። እናትሽ በ67 ዓመታቸው ነው የጀመራቸው። አደጋውን ከፍ የሚያደርግ ሌላ ዘረመል አለ፤ ነገር ግን ዘረመሉ መኖሩ በሽታው ይመጣል ማለት አይደለም። ስለ እሱ የሚባለው አብዛኛው ነገር ከአውሮፓውያን የተገኘ ነው። ናይጄሪያ ኢባዳን ውስጥ በዮሩባ አዛውንቶች ላይ ለዓመታት በተደረገ ጥናት የዚያ ዘረመል ጉልበት ደከም ብሎ ነው የተገኘው። ስለዚህ የዘረመል ምርመራ አሠሪ አልልሽም። ግፊት ግን በቤተሰብ ይሄዳል። እናትሽን ድል ጮራ ስትወስጂ፣ ተራ እስኪደርሳችሁ ድረስ፣ የራስሽንም አስለኪ።